ዳታዬን ማን በላው?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ግማሹ ስለ ሲም ካርድ ራውተር ነው። መቼስ የመስመር ኢንተርኔት እስኪገባለት መጠበቅ ያቃተው ሁሉ አንድ ነጭ ሳጥን ገዝቶ ሲም ከቶበት ቤቱን ዋይፋይ እያረገ ስለሆነ አይገርምም። ስለዚ ሌላውን ለሚቀጥለው አሳድረን ዛሬ እሱ ላይ ብቻ እንቆያለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። ሲም ሚወስድ የ4ጂ ራውተር ገዝቼ የወር ጥቅል እሞላለሁ፣ የመጀመሪያው ጥቅል ወሩን ሙሉ ቆየልኝ፣ ሁለተኛው ግን በ9 ቀን አለቀ! ቤት ውስጥ ያለነው እኔ ባለቤቴና ሁለት ልጆች ነን፣ የተጨመረ ሰው የለም። የጎረቤት ልጆች ግን ደረጃው ላይ ስልካቸውን ይዘው ተደርድረው ስለማይ እነሱን ጠርጥሬያለሁ፣ በግምት የሰው ልጅ መናገር ደግሞ ከበደኝ። ፓስዎርዱን ሁለቴ ቀየርኩት፣ ስቀይረው ሁለት ቀን ዝም ይላል ከዛ ደረጃው ተመልሶ ይሞላል። ምን ይሻለኛል? (እናት ነኝ ከሰሚት)

መልስ፦ እህቴ በግምት አለመናገርሽ ጥሩ አረግሽ፣ ምክንያቱም ሌባው ሁለት ሊሆን ይችላል፣ አንደኛው ደረጃው ላይ ያለው ነው፣ ሁለተኛው የራስሽ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ከሁለተኛው ልጀምር፣ ብዙ ሰው ሚረሳው እሱን ስለሆነ።

ስልክ ዋይፋይ ሲያገኝ ነጻ ኢንተርኔት ያገኘ ነው ሚመስለው። በሲም ዳታ እያለ ጨዋ ሆኖ የቆየው ስልክ ዋይፋይ ውስጥ በገባ ደቂቃ አፖቹን አፕዴት ማረግ ይጀምራል፣ የልጆቹን ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ወደ ላይ ይጭናል፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተለቀቀውን ቪዲዮ ሳትነኪው ያወርዳል፣ ላፕቶፕ ካለ ደግሞ የዊንዶውስ አፕዴት አለ። ስልኩ ያንቺ ዋይፋይ ከጀርባው ሲም እንዳለውና በጊጋ እንደሚቆጠር በምን ይወቅ? አንቺ ነሽ ምትነግሪው። አንድሮይድ ከሆነ ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ የቤትሽን ስም ተጭነሽ ‹‹ሚተርድ›› ሚለውን ምረጪ፣ አይፎን ከሆነ እዛው ቦታ ‹‹ሎው ዳታ ሞድ›› ይላል፣ ዊንዶውስም ‹‹ሚተርድ ኮኔክሽን›› አለው። እያንዳንዱ ስልክ ላይ አንዴ ብቻ ነው ሚደረገው። ከዛ ቴሌቪዥኑ አለ፣ ኤችዲ ፊልም በሰአት እስከ 3 ጊጋ ድረስ ይበላል፣ ጥራቱን ዝቅ ብታረጊው ወደ 1 ጊጋ ይወርዳል፣ ልጆች ካርቱን ከፍተው ወጥተው ሲጫወቱ ስክሪኑ ለማንም ሳይሆን ሲያወራ ሚውልበትን ቤት ሁላችንም እናውቀዋለን።

አሁን ወደ ደረጃው። ራውተርሽን ገልብጪውና ከታች ያለውን ስቲከር እዪው። የዋይፋዩ ስምና ፓስዎርድ አለ፣ ከሱ ሌላ ደግሞ በቁጥር የተጻፈ አድራሻ አለ፣ ብዙ ጊዜ ሁዋዌ ከሆነ 192.168.8.1 ነው፣ ዜድቲኢና ቲፒሊንክ ላይ 192.168.0.1 ወይ 192.168.1.1 ይሆናል። ያንን ቁጥር ስልክሽ ላይ ክሮም ከፍተሽ ከላይ ጻፊው፣ የራውተሩ ገጽ ይመጣል፣ ዩዘርኔምና ፓስዎርድ ይጠይቅሻል። እዚህ ጋ ነው ነገሩ ያለው፦ አንቺ ሁለቴ የቀየርሽው የዋይፋዩን ፓስዎርድ ነው፣ የዚህን የገጹን አልቀየርሽም ብዬ እወራረዳለሁ። የግቢ በር ቁልፍ ሌላ የሳጥን ቁልፍ ሌላ ነው፣ እኛ የግቢውን በር በየወሩ እየቀየርን ሳጥኑን ክፍት እንተዋለን። ብዙ ራውተር ላይ የሳጥኑ ቁልፍ ‹‹አድሚን›› እና ‹‹አድሚን›› ነው፣ ይሄን ደግሞ ሰፈር ያለ የ14 አመት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

አንዴ እንኳ ዋይፋይሽን ያገኘ ልጅ ገጹ ውስጥ ገብቶ ምን ያረጋል መሰለሽ? አዲሱን ፓስዎርድ አያይም ብለሽ ነው? ብዙ ራውተር የአይን ምልክቷን ሲነኳት ቁጭ አርጎ ያሳየዋል። ወይ ደግሞ የእንግዳ ዋይፋይ ሚባለውን ከፍቶ በራሱ ስም ይሰይመዋል፣ አንቺ ዋናውን ስትቀይሪ እሱ በጎን ባለው በር መግባት ነው። ከዚህ ሁሉ ግን እኔን ሚያሳስበኝ ሌላ ነው፣ ራውተሩ ውስጥ ያለው ሲም ስልክ ቁጥር አለው፣ ለዛ ቁጥር ሚላከው አጭር መልእክት ገጹ ላይ ‹‹ኤስኤምኤስ›› ሚለው ስር ይነበባል። በዛ ቁጥር ቴሌብር ወይ ቴሌግራም ከፍተሽ ከሆነ የማረጋገጫ ኮዱ እዛ ነው ሚያርፈው። የራውተር ሲም ለራውተር ብቻ ይሁን፣ በሱ ቁጥር ምንም አትክፈቺ።

በሰው ምን ያስቃል እንዳትይኝ፣ እኔ ራሴ ይሄን ሁሉ እያወራሁ የቤቴን ‹‹አድሚን›› ሁለት አመት ሳልነካው ኖሬያለሁ። ያወቅኩት የእህቴ ልጅ የዋይፋዬን ስም ‹‹ጋሼ ዳታ ሙላ›› ብሎ ቀይሮት እንግዳ ፊት ሲነበብ ነው።

ስለዚ ቅደም ተከተሉ ይሄ ይሁን፣ መጀመሪያ የገጹን ፓስዎርድ ቀይሪ፣ ዋይፋዩን ከዛ በኋላ። ተገላቢጦሽ ካረግሽው ውስጥ ያለው ሰው አዲሱን እያየ ይከተልሻል። ከዛ የእንግዳው ዋይፋይ በርቶ ካገኘሽው አጥፊው። ከዛ ‹‹ደብሊውፒኤስ›› ሚለውን ፈልገሽ አጥፊ፣ እሱ ራውተሩ ላይ ያለችውን ቁልፍ በመጫን ወይ በ8 ዲጂት ፒን ያለ ፓስዎርድ ማስገቢያ ነው፣ ፒኑ አንዳንዱ ራውተር ላይ ስቲከሩ ላይ ተጽፏል፣ ስቲከሩን አንዴ ፎቶ ያነሳ ልጅ ፓስዎርድ ብትቀይሪ አይነካውም። እሱ ባይኖር እንኳ ከ2011 ጀምሮ የታወቀ ጉድ አለበት፣ ፒኑን ለሁለት ከፍሎ ነው ሚያረጋግጠው፣ የመጨረሻዋ ዲጂት ደግሞ ከሌሎቹ ምትሰላ ናት፣ እና 100 ሚሊዮን መሆን የነበረበት ሙከራ 11 ሺህ ብቻ ሆኖ አረፈው። ከዛ ሴኪዩሪቲ ሚለው ላይ የዋይፋዩ መቆለፊያ አይነት ደብሊውፒኤ 2 ወይ ደብሊውፒኤ 3 መሆኑን እዪ። ደብሊውኢፒ ሚል ካገኘሽ እሱ ከ2001 ጀምሮ የተሰበረ ነው፣ መቆለፊያ አይባልም።

ፓስዎርዱ ራሱ ስልክ ቁጥርሽ እንዳይሆን። ኧረ ተዉ፣ እዚህ ሀገር ከ10 ቤት በስንቱ የዋይፋይ ፓስዎርድ የአባወራው ስልክ ቁጥር ነው! 09 ብሎ ሚጀምር ቁጥር 8 ዲጂት ብቻ ነው ሚቀረው፣ ለኮምፒውተር ቀላል ነው፣ ለጎረቤት ደግሞ ከዛም ይቀላል፣ ቁጥሩን ለእድር ሰጥተሽዋል። ሶስት አራት ማይገናኙ የአማርኛ ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል አገጣጥሚ፣ ጤፍ፣ ጃንጥላ፣ ሰባት፣ ጅማ እያልሽ፣ ለመያዝ ቀላል ለመገመት ከባድ ነው። በግዕዝ ፊደል ልጻፍ ብትይ ራውተሩ አይቀበልሽም፣ ሞክሬዋለሁ።

ይሄን ሁሉ ጨርሰሽ በሁለት ቀኑ ደረጃው ከሞላ እህቴ ልጆችሽን ጠይቂ። ስልክ አሁን የተገናኘበትን ዋይፋይ በአንድ ንክኪ ወደ ኪውአር ኮድ ቀይሮ ያሳያል፣ ጓደኛው ካሜራውን ደቅኖ ገባ ማለት ነው፣ ፓስዎርዱን መናገር እንኳ አያስፈልገውም። የዋይፋይ ፓስዎርድ ሚያጋሩ አፖችም አሉ፣ ልጅሽ ከጫነ የቤትሽን ቁልፍ ለማያውቀው ሰው ሁሉ እየሰጠ ነው። ራውተሩ ገጽ ላይ የተገናኙት እቃዎች ዝርዝር አለ፣ ማታ ሁላችሁም ቤት ስትሆኑ ቁጠሪያቸው፣ አራት ስልክና አንድ ቴሌቪዥን አምስት ነው፣ ስምንት ካለ ሶስቱ እንግዳ ናቸው። ስንት እቃ መግባት እንደሚችል መገደብም ይቻላል፣ አምስት ብለሽ ዝጊው። ገጹ ላይ የወር ዳታ መቁጠሪያም አለ፣ ጥቅሉ በተሞላ ቀን ከዜሮ አስጀምሪው፣ በየማታው ስንት እንደሄደ ታያለሽ፣ ሌባው ደረጃው ላይ ይሁን ሳሎን ውስጥ በሶስት ቀን ይለያል።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ጡረተኛ ነኝ። ልጆቼ ራውተር ገዝተውልኝ ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀምጬዋለሁ። ኔትወርኩ አንድ ወይ ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ ስልኬ ግን ውጪ ስወጣ ሙሉ ያሳያል። መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። ሌላ ልግዛ?

መልስ፦ ጋሼ ሌላ አይግዙ፣ መጀመሪያ ከቡፌው ያውርዱት። ቆርቆሮ ጣሪያ የኔትወርክ ጠላት ነው፣ ሲግናሉ ከላይ ስለሚመለስ በመስኮት በኩል ነው ሚገባው፣ ቡፌ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመስኮት ሩቅ ካለው ግድግዳ ጋ ነው ሚቆመው። ውጪ ወጥተው ስልክዎ ሙሉ ያሳየበት አቅጣጫ የቱ ነው? እዛ በኩል ያለ መስኮት ላይ ከፍ አርገው ያስቀምጡት፣ ጸሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው ብቻ መጋረጃ ይኑር። መስመሮቹን አይመኑ፣ ከልጆቹ አንዱ የራውተሩን ገጽ ሲከፍት ‹‹አርኤስአርፒ›› ሚል የሲግናሉን ጥንካሬ ሚያሳይ ቁጥር ያገኛል፣ በኔጌቲቭ ነው ሚጻፈው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል፣ -85 ጥሩ ነው፣ -110 ከሆነ እየሞተ ነው። አንድ ቦታ አስቀምጦ አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ፣ ቁጥሩን መጻፍ፣ ወደ ሌላ መስኮት ማዞር፣ በቃ። አንድ ክንድ መነሳት እንኳ ለውጥ ያመጣል። ሁሉንም መስኮት ሞክረው ካልሆነ ከጀርባው ሁለት ሚጠመዘዝ ቀዳዳ ካለው ውጪ ሚሰቀል የ4ጂ አንቴና ይገዛለታል።

ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ማታ ማታ ብቻ ሚንቀራፈፍ ከሆነ ግን ራውተሩ አይደለም፣ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ታወር ላይ ስለተንጠለጠለ ነው፣ ጠዋት 12 ሰአት ላይ ሞክረው ያወዳድሩ።

መብራቱን በተመለከተ የራውተሩን ቻርጀር ይዩት፣ ብዙው 12 ቮልት ይላል፣ ለራውተር ተብሎ ሚሸጥ ትንሽ ባትሪ አለ፣ በመሃል ይገባና መብራት ሲጠፋ እሱ ይይዘዋል። ሲገዙ ቮልቱ አንድ አይነት መሆኑን፣ አምፔሩ ደግሞ ከቻርጀሩ እንዳያንስ ያረጋግጡ፣ ቻርጀሩን ነቅለው ይዘውት ቢሄዱ ይቀላል።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው ምኖረው። ጎንደር ላለችው እናቴ እዚህ የምጠቀምበትን የ4ጂ ራውተር ልልክላት ነው፣ ይሰራል?

መልስ፦ ምናልባት፣ ግን ሶስት ነገር እይ። ከቴሌኮም ድርጅት በኮንትራት የወሰድከው ከሆነ ለነሱ ሲም የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፣ የሀገር ቤት ሲም ሲገባ አልቀበልም ይላል፣ ሳትልከው አስከፍተው። ሁለተኛው ባንድ ነው፣ ኔትወርኩ ሚመጣበት ሞገድ ማለት ነው፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሰራ ራውተር እንደ 2፣ 12፣ 66 እና 71 ያሉትን ባንዶች ይይዝና እኛ ጋ ሚያስፈልገውን ባንድ 3 ላይይዝ ይችላል፣ የሞዴሉን ቁጥር ፈልገህ ዝርዝሩ ላይ 3 መኖሩን እይ፣ ከሌለ ፖስታውን አታባክን። ሶስተኛው ቻርጀሩ ነው፣ ሀገር ቤት 220 ቮልት ነው፣ ላዩ ላይ 100-240 ካለ ችግር የለም፣ 120 ብቻ ካለ ግን እናትህ የሰካች ቀን ይጨሳል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ብሩን ልከህ እዛው ብታስገዛላት ይሻላል። መላክ ካለብህ ግን ከመላክህ በፊት የገጹንም የዋይፋዩንም ፓስዎርድ ቀይረህ በትልቁ ጽፈህ ላክላት፣ እዛ ከደረሰ በኋላ በስልክ ‹‹እማዬ ክሮምን ክፈቺ›› ማለት ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ የዋይፋዬን ስም ብደብቀው ማንም አይገባብኝም ይሉኛል፣ እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይደለም። ስሙ ለተራ ሰው አይታይም እንጂ ነጻ አፕ ያለው ሰው ያየዋል፣ ጭራሽ ያንተ ስልክ በሄደበት ሁሉ የተደበቀውን ስም እየጠራ ይፈልገዋል፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ስሙን ፊደል በፊደል ምታስጽፈው አንተ ነህ። ይታይ፣ ፓስዎርዱን አጠንክር።