ንጉሡ «ሠ»፦ አውሮፕላን ለምትገምቱ የጎንደር ልጆች

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ቡና ቤት ስትጫወቱ አጠገባችሁ ተቀምጬ ነበር። አንዱ ከስልኩ የድሮ አውሮፕላን ፎቶ ያወጣል፣ ግማሹን በእጁ ይሸፍናል፣ ሌሎቻችሁ ትገምታላችሁ። የተሸነፈ ማኪያቶ ይከፍላል። እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ ጨዋታ ስጫወት ነው ያደርኩት። ያኔ ፎቶው ከመጽሔት የተቀደደ ነው፤ መሸፈኛው ግራሶ የነካው እጃችን ነው፤ ውርርዱም ሻይ ነው።

ታዲያ አንዷ ዞር ብላ «ጋሼ፣ እርስዎስ የሳቱት አውሮፕላን አለ?» አለችኝ። «ኧረ ብዙ ነው» ብዬ አለፍኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንዱ አለ። እሱን ልንገራችሁ።

ዘመኑ 1965 ዓ.ም. ነው፣ ጥምቀት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ የአውሮፕላን ጥገና ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ለበዓሉ ወደ አገሬ የመጣሁት በዲሲ-3 ነው። እናንተ ዲሲ-3ን በፎቶ ታውቋታላችሁ፤ ተሳፍራችሁባት ግን አታውቁም። መሬት ላይ ስትቆም አፍንጫዋ ሽቅብ፣ ጭራዋ ቁልቁል ነው። በሯ ከኋላ ስለሆነ ወደ መቀመጫችሁ የምትሄዱት ዳገት እየወጣችሁ ነው። ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ወንበር ወንበሩን እየያዙ ሲወጡ ክንዳቸውን መደገፌን አስታውሳለሁ። ከተነሣች በኋላ ጎማዋ ወደ ሞተሩ ሥር ይታጠፋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይገባም። ግማሹ ውጭ እንደቀረ ትበራለች። በመስኮት ያንን ጎማ እያየሁ ጎንደር ደረስኩ። ደስታዬ ወደር አልነበረውም።

በማግስቱ አዘዞ፣ የእናቴ አጎት ቤት ተጠራን። ሁላችንም «አብዬ» ነበር የምንላቸው። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። «የአውሮፕላን ሐኪም ልጃችን መጣ» ተብሎ ከፍ ያለው ቦታ ተሰጠኝ። አብዬም ጨዋታውን ወደ እኔ ሥራ ለማምጣት ብለው ይመስለኛል፣ የጣልያንን ጊዜ አነሡ።

በወጣትነታቸው ጣልያን አዘዞ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ድንጋይ ያስለቅማቸው ነበር። ከሚያርፉት አውሮፕላኖች አንዱን ከቅርብ አይተውታል። እንዲህ አሉ፦ «ክንፉ ድርብ ነው። የታችኛው ከላይኛው ያጥራል። ነጂው ጉድጓድ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው፤ ራሱ ለነፋስ ተጋልጧል። በሁለቱ ክንፎች መሀል ሽቦ የሚባል የለም። ዘንጎቹ ጋደል ጋደል ብለው ተጋጥመው፣ ከፊት ስታየው ልክ ንጉሡ ሠ ነው።» በጣታቸው መደቡ ላይ ጻፉልኝ። ሠ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነበሩ፤ ፊደል ሲጽፉ ቀስ ብለው ነው። ቀጥለው፣ ጎንደር ከጣልያን እጅ ልትወጣ ስትል ያ አውሮፕላን ወጥቶ በሌላ ድርብ ክንፍ ተመትቶ ሲወድቅ ማየታቸውን ነገሩን።

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? ከሳምንት በፊት ሃንጋር ውስጥ በዚሁ ጨዋታ ግላዲያተር የሚባለውን የእንግሊዝ ድርብ ክንፍ አውቄ አሸንፌ ነበር። በክንፎቹ መሀል ሽቦ የተወጠረበት ነው። ያየኋቸው ድርብ ክንፎች ሁሉ ሽቦ አላቸው። ስለዚህ አብዬ ሳይጨርሱ አፋቸውን ቀማሁ። «አብዬ፣ ሽቦ የሌለው ድርብ ክንፍ የለም፤ ክንፉ ይረግፋል። ያዩት ግላዲያተር ነው። ዘመኑ ራቀ፣ ተምታቶብዎት ነው» አልኳቸው። ጎረቤቱ ሳቀ። የሳቀው በእሳቸው ነው።

አብዬ አልተቆጡም። «ይሁን ልጄ፣ አንተ ተምረሃል» አሉ። ባለቤታቸው ግን ብድግ አሉና «የጎታው ክዳን እኮ የዚያው ቁራጭ ነው፣ ፊደልም አለበት፣ ላምጣለት?» አሉ። «ግዴለም እትዬ፣ ይቀመጡ» አልኩ። ሦስተኛው ቡና መጣ። ወሬውም ወደ ሌላ ሄደ።

ከዚያ 16 ዓመት አለፈ። በ1981 ዓ.ም. ለሥልጠና ለንደን ሄጄ፣ በአንድ እሑድ ሄንደን ያለውን የአየር ኃይል ሙዚየም ለማየት ወጣሁ። አዳራሹ ውስጥ ስዞር አንድ ድርብ ክንፍ ፊት ለፊት ገጠመኝ። የታችኛው ክንፉ አጭር ነው። የነጂው ቦታ ክፍት ነው። በክንፎቹ መሀል ሽቦ የለም። ዘንጎቹ ሠ ሠርተዋል። ፊያት ሲአር-42 ይላል። እግሬ ከዳኝና አጠገቡ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እኮ ከባድ አይደለም። ዘንጎቹ ጋደል ብለው ሲጋጠሙ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ሦስት ማዕዘን ደግሞ ብትገፋውም ብትስበውም አይጣመምም። ስለዚህ ሽቦ አያስፈልገውም። የብረት ድልድይ የቆመው በዚሁ ዘዴ ነው። በትምህርት ቤት በቾክ ስዬዋለሁ። አብዬ መደቡ ላይ በጣታቸው ሲስሉልኝ ግን አላወቅኋትም። አራት ምልክት ሰጥተውኛል፤ በእኛ ጨዋታ ሁለት ምልክት ይበቃል። ግላዲያተር እኮ ነጂው ላይ የመስታወት ሽፋን አለው! እሱን ብቻ ባስብ ኖሮ ዝም እል ነበር።

በኋላ ስለ ጎንደር ጦርነት የተጻፈውን ሁሉ አሳደድኩ። ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. ኢልዴብራንዶ ማላቮልታ የተባለ ጣልያን በሲአር-42 ከጎንደር ተነሥቶ፣ ሆፕ በተባለ የደቡብ አፍሪካ ግላዲያተር አብራሪ ተመትቶ ሞተ። በምሥራቅ አፍሪካ በአየር ለአየር ውጊያ የወደቀ የመጨረሻው የጣልያን አውሮፕላን ያ ነው። ሆፕም የሟቹን ጀግንነት የሚያመሰግን ወረቀት በጣልያኖቹ ቦታ ላይ ጥሎ ሄደ። በጎንደር የነበረው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ነው። አብዬ ያዩት ያንኑ ነው ብዬ አልምልም። መማል እችል ነበር፤ ክዳኑን ባይ፣ ፊደሉን ባነብ።

ከለንደን እንደተመለስኩ በቀጥታ አዘዞ ወረድኩ። አብዬ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ክዳኑን ጠየቅሁ። እትዬ «እሱንማ ቆራሌው ወሰደው፣ ድስት ሰጥቶን» አሉ።

እንግዲህ ምክር ካላችሁ፣ መጽሐፍ አንብቡ፣ ቋንቋ ተማሩ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የምላችሁ የአውሮፕላን ስም ስለምትጠሩበት መንገድ ነው። ስም ለመጥራት ትቸኩላላችሁ። ፎቶው ገና ሳይገለጥ «ዲሲ-3!» ትላላችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ቃፊሮች ሲሠለጥኑ የሚነገራቸው፣ መጀመሪያ ክንፍ እዩ፣ ቀጥሎ ሞተር፣ ቀጥሎ አካል፣ መጨረሻ ጭራ ነበር። ስሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአሜሪካ ወታደሮች ካርታ ሲጫወቱ እንኳ ካርታው ላይ የአውሮፕላን ጥላ ታትሞ ነበር፤ ዓይናቸው እንዲለምድ።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ፎቶውን ለስልኩ ትሰጡና መልሱን ትጠብቃላችሁ። ይህን አልወደውም። ዓይን እንደ ጉልበት ነው፤ ካላሠሩት ይሰንፋል። በዚያው ቅዳሜ ስልኩ «ዲሲ-3» ያለውን ያቺ ጠያቂዋ ልጅ «በሩን እዩት፣ በቀኝ ነው» ብላ ጣለችው። ልክ ነበረች። ያ የሩሲያው ሊ-2 ነው፤ ከዲሲ-3 በፈቃድ የተሠራ፣ የመንገደኛ በሩ ግን ወደ ቀኝ የዞረ። በእሷ ዕድሜ እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር ከእኛ ትበልጣላችሁ። ስልኩም ቢሆን ጥሩ ነው፤ እኛ አንድ መጽሔት ለስድስት ነበር የምንቀዳደደው።

ለማሸነፍ ተጫወቱ። ሳይሸነፉ የሚጫወቱት ጨዋታ አይጥምም፤ እኔ ዛሬም መሸነፍ አልወድም። ሽማግሌ ፊት ግን ይህን ትታችሁ ተቀመጡ። ፀሐይ ስለምትባለው አውሮፕላን የሰማችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ፤ ኢትዮጵያ 1 የምትባለው፣ ዲሲ-3 በበረረችበት በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አገራችን ተሠርታ የበረረችው፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ከጣልያን ሙዚየም የተመለሰችው። የበረረችው አንዷ ብቻ ስለሆነች ለውጭ አገር ገማቾች ከባድ ጥያቄ ናት። እሷ ተመለሰች። በየቤቱ የጎታ ክዳን ሆኖ የቀረው ግን የሚመለስ አይደለም። ቅድመ አያት ያላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ። ስትጠይቁ ዕቃውን አምጡ በሉ፤ ገልብጣችሁም እዩት።

ይህን ታሪክ ትናንት ለዚያች ልጅ አጫወትኳት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «አውሮፕላኑ ወደ የት ወደቀ አሉ?»

አብዬ ያን ጊዜ ከመደቡ ቀና ብለው፣ በተከፈተው በር በኩል ክንዳቸውን ዘርግተው አሳይተው ነበር። እጅጌያቸው ወደ ኋላ ሲሸሽ ትዝ ይለኛል። ወደ የትኛው ተራራ እንደጠቆሙ ግን አላየሁም። እኔ ስለ ግላዲያተር እያወራሁ ነበር።