ግሬናዳ ላይ የሥዕል ጋለሪ ለመክፈት ላሰቡ ጠያቂ

ውድ ጠያቂያችን፣

በደብዳቤዎ እንደገለጹልን፣ ባለቤትዎ ከመጪው ነሐሴ ጀምሮ በካሪቢያን ባሕር ባለችው ደሴት አገር በግሬናዳ በሚገኘው የሴንት ጆርጅስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሊማሩ ነው። እርስዎ አዲስ አበባ በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ቅብ ተምረዋል፤ ቨርጂኒያ ከመጡም ወዲህ በአንድ የፍሬም መሥሪያ ሱቅ አምስት ዓመት ሠርተዋል። አሁን ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው በደሴቲቱ ላይ ጋለሪ ቢከፍቱ ያዋጣዎት እንደሆነ ጠይቀዋል። ሥራው የሚስማማዎት ይመስለኛል፤ ሆኖም በመጀመሪያው ዓመት ለጋለሪው ቤት እንዳይከራዩ እመክርዎታለሁ።

የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በደሴቲቱ የሚቆዩት መሠረታዊ ሳይንሱን ለሚማሩባቸው ሁለት ዓመታት ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ለተግባር ልምምድ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ብሪታንያ ሆስፒታሎች ይሄዳሉ። ስለዚህ እርስዎም በደሴቲቱ የሚቆዩት ይህን ያህል ይሆናል። ግሬናዳ ስፋቷ 344 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧም ከመቶ ሺህ ትንሽ የሚበልጥ በመሆኑ ለጋለሪ የሚተርፈው ገበያ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ያም ቢሆን ወቅት አለው። የመዝናኛ መርከቦች በብዛት የሚመጡት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ሲሆን፣ ከሰኔ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ደግሞ የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። ነሐሴ ላይ ደርሰው መስከረም ላይ በር ቢከፍቱ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪራይ የሚከፍሉት ገዢ በሌለበት ነው።

ገዢዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። በሴንት ጆርጅስ ከተማ ሜልቪል ጎዳና ላይ ከመርከብ የሚወርደው ጎብኚ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ነው፤ የሚፈልገውም በእጅ ቦርሳ የሚገባ ነገር ስለሆነ ትንሽ ኅትመት ወይም ፖስት ካርድ ገዝቶ ይመለሳል። ትልቁን ሥዕል የሚገዙት በደቡቡ ዳርቻ ቤት ያላቸው ሰዎች፣ በግል ጀልባ ከደሴት ደሴት የሚዘዋወሩ፣ ከውጭ አገር የተመለሱ ግሬናዳውያን እና ክፍሎቻቸውን የሚያስጌጡ ሆቴሎች ናቸው፤ እነዚህም አንድ ቀን አይተው ሳይሆን ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሰው ነው የሚወስኑት። ዋጋውን በደሴቲቱም በአሜሪካም ገንዘብ መለጠፍ ይገባል፤ የደሴቲቱ ገንዘብ የሆነው የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.70 ሒሳብ የታሰረ ስለሆነ ስሌቱ አያስቸግርም።

እርስዎ ከሌሎች የሚለዩት በፍሬም ሙያዎ ነው ብዬ አስባለሁ። የባሕር ጨው ያዘለው አየር ሚስማሩንና መስቀያውን ያዝገዋል፣ እርጥበቱ በወረቀት ሥራ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፣ ምስጥም እንጨቱን ይበላል፤ ስለዚህ ወረቀቱን ከመስታወቱ አርቆ፣ አሲድ በሌለው ካርቶን ይዞ፣ ጀርባውን አሽጎ የሚሠራ ሰው ለሠዓሊውም ለገዢውም ያስፈልጋል። እንጨቱና መስታወቱ ግን በመርከብ ተጭነው የሚመጡ በመሆናቸው፣ የሥራዎን ዋጋ ሲተምኑ ጭነቱንና ቀረጡን አብረው ያስቡ።

ሠዓሊዎቹን በተመለከተ፣ ገበያው የሚወደውን አስቀድሞ ገምቶ ከመሄድ የአገሩን ሥራ ማጥናት ይበልጣል። የግሬናዳ አካል በሆነችው በካሪያኩ ደሴት ይኖር የነበረው ሠዓሊ ካኑት ካሊስት (1914–2005 እ.ኤ.አ.) ቫዮሊን ይጫወት፣ የባሕር ልጃገረዶችንና የደሴቲቱን ሕይወት በደማቅ ቀለም ይሥል ነበር፤ ዛሬም ስለ ግሬናዳ ሥዕል ሲነሣ ስሙ ሳይነሣ አይቀርም። በሌላ በኩል፣ በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ ሱቆች ለውጭ ዜጋ ተብሎ በብራና ላይ የሚደጋገመውን ሥዕል እንደምናውቀው ሁሉ፣ በካሪቢያንም የሄይቲን አሣሣል እየደጋገሙ ለጎብኚ የሚሸጡ ገበያዎች አሉ። ከእነሱ ጋር በዋጋ መወዳደር አያዋጣዎትም።

ሥዕሎቹን ብዙ ጊዜ የሚቀበሉት በአደራ ነው፤ ሲሸጡ ጋለሪው ከ40 እስከ 50 በመቶ ይወስዳል፣ ቀሪው የሠዓሊው ነው። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ የመክፈያው ቀንም ተቆርጦ ይታወቅ፤ ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ደሴት የአንድ ሠዓሊ ክፍያ ቢዘገይ ወሬው ሳምንት ሳይሞላው ለሌሎቹ ይደርሳል። ሥዕሉ በእርስዎ እጅ እያለ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ኪሳራው የማን እንደሆነም ይጻፍበት። ይህን አጥብቄ የምነግርዎት በ2004 (እ.ኤ.አ.) ኢቫን የተባለው አውሎ ነፋስ ከደሴቲቱ ቤቶች 90 በመቶ ያህሉን ስለጎዳ፣ በሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ቤሪል የተባለው ካሪያኩን ክፉኛ ስለመታ ነው። የአውሎ ነፋስ ኢንሹራንስ ውድ ነው፤ መጀመሪያ ከራስ ኪስ የሚከፈለው ድርሻም ከፍ ይላል። የእያንዳንዱ ሥዕል ፎቶግራፍና መዝገብ ከደሴቲቱ ውጭም ይቀመጥ።

የተማሪ ባለቤት መሆን ብቻውን የመሥራት መብት እንደማይሰጥም ይወቁ። የካሪቢያን ማኅበረሰብ (ካሪኮም) አባል ከሆኑት አገሮች የአብዛኞቹ ሠዓሊዎች በማኅበረሰቡ ስምምነት መሠረት ያለ ሥራ ፈቃድ ሊሠሩ ይችላሉ፤ እርስዎ ግን በኢትዮጵያም ሆነ በአሜሪካ ፓስፖርት የሥራ ፈቃድ ማውጣት ይኖርብዎታል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ፈቃዱን አውጥተው ባለ ጋለሪ ለሆነ ሰው በፍሬም ሠሪነት ቢሠሩበት፣ በጀልባ ወደ ካሪያኩ እየተሻገሩ ሠዓሊዎችን ቢያውቁበት ይሻላል። በሁለተኛው ዓመት፣ በጥርና በየካቲት፣ ከአንድ ሆቴል አዳራሽ ተከራይተው የአምስት ወይም የስድስት ሠዓሊዎችን ዐውደ ርእይ ያዘጋጁ። ብዙ ባይሸጡበትም እንኳ የውል አያያዙ፣ የዕቃ ምዝገባውና የገዢዎች ዝርዝር አሜሪካ ሲመለሱ በጋለሪ ወይም በሙዚየም የሥነ ጥበብ ሥራዎች መዝጋቢነት ሲያመለክቱ የሚያሳዩት ሥራ ይሆናል።

«ኢትዮጵያዊ መሆኔ ይጠቅመኛል?» ላሉት፣ በር ይከፍትልዎታል። በደሴቲቱ ራስታፈሪያን አሉ፣ ስለ አገርዎና ስለ ንጉሠ ነገሥቱም ይጠይቁዎታል፤ ቢያከብሯቸው ያከብሩዎታል። ግድግዳውን ግን በእኛ ሥዕል አይሙሉት፤ ለግሬናዳ ሠዓሊዎች ይተዉላቸው።

ለጉዞው ካሉዎት መሣሪያዎች ካርቶን መቁረጫውንና ትርፍ ስለቶቹን አስቀድመው ያሽጉ። የኪራይ ውል ቢቀርብልዎት ደግሞ ከመፈረምዎ በፊት ይላኩልን፤ አብረን እናነበዋለን።