ስለ መሮ ለጠየቃችሁኝ

ስለ መሮ የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ሰው የጠየቀው «የቱን ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ማውራት የምወደው ስለ መሳል፣ ማለትም ስለት ስለ ማውጣት፣ ስለሆነ፣ ጣልቃ ባስገባው ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አናጢነት ገና መጀመሬ ነው። አሥራ ሁለት መሮ የያዘ ሳጥን በአራት ጥሩ መሮ ዋጋ አገኘሁ። ልግዛው?

ተወው። ስምንቱ ሳጥናቸው ውስጥ ዝገው ይቀራሉ። ስፋታቸው 6፣ 12፣ 18 እና 25 ሚሊሜትር የሆኑ አራት ይበቁሃል። የማጠፊያ ቦታ በ25ቱ ታወጣለህ፣ ጠባብ ቀዳዳ በ6ቱ፣ የቀረውን በመካከለኞቹ። እኔ ብዙ ዓመት የሠራሁት በሦስት ነው። ብር ከተረፈህ መሳያ ድንጋይ ግዛበት።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ያብረቀርቃል። ደህናውን በምን ልለየው?

ገልብጠህ ጀርባውን እይ። የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቁምበትና ወደ ብርሃን ያዘው። መሃሉ ትንሽ ጎድጎድ ቢል ግድ የለም። ስለቱ አጠገብ ያለው ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ግን ልሙጥ ካልሆነ፣ ወይም ወደ ውጭ ካበጠ፣ መልስለት። እሱን ስታስተካክል ቅዳሜህ ያልቃል።

ቀጥሎ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ከእጀታው ጫፍ ወደ ስለቱ አነጣጥር። ብረቱና እጀታው በአንድ መስመር ካልሄዱ፣ በመዶሻ ስትመታው ወደ ጎን ይሸሻል። «ክሮም ቫናዲየም» (የጠንካራ ብረት ዓይነት ነው) የሚል ጽሑፍ ካለበት መልካም፤ ግን ጽሑፍ ማንም ይጽፋል። ባለሱቁ ከፈቀደልህ ጎኑን ስለቱ አካባቢ በትንሽ ሞረድ ንካው። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንካራ ነው። በቀላሉ ከበላው ለስላሳ ነው፣ ስለት አይዝም።

ጥያቄ፦ ምናለሽ ተራ ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ መሮ አየሁ። ይረባል?

ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው። ወሳኙ የአንጥረኛው እጅ ነው። አግሎ ነክሮ ብቻ ከተወው እንደ ብርጭቆ ይሸረፋል። ከነከረው በኋላ መልሶ በለዘብተኛ ሙቀት ካሞቀው ግን ስለት ይይዛል። ሁለት ገዝቼ አውቃለሁ። አንዱ ዋንዛ ላይ፣ ያውም ለስላሳው ዋንዛ ላይ፣ ጫፉ ታጠፈ። ሌላው እስከ ዛሬ የቀዳዳ መሮዬ ነው፤ የወይራ እጀታ አበጀሁለት።

ጥያቄ፦ አዲስ መሮ ገዛሁ፣ አይቆርጥም። ሸወዱኝ እንዴ?

አልሸወዱህም። ከፋብሪካ የሚመጣው ተሞርዶ ብቻ ነው፤ መሳል ያንተ ሥራ ነው። ድንጋይ ከሌለህ ወፍራም መስታወት ጠረጴዛ ላይ አስተኛ፣ የመኪና ቀለም ቀቢዎች በውሃ የሚጠቀሙበትን ብርጭቆ ወረቀት አጣብቅበት። 400፣ ከዚያ 800፣ ከዚያ 2000 ቁጥር። መጀመሪያ ጀርባውን አስተኝተህ እሸው፣ ስለቱ አጠገብ መልክህን እስኪያሳይህ ድረስ። ይህን አንዴ ነው የምታደርገው።

ከዚያ ተዳፋቱን፣ ማለትም ወደ ስለቱ የሚያዘቀዝቀውን ገጽ። ብዙዎቹ በ25 ዲግሪ ተሞርደው ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ ትንሽ ቀና አድርገህ፣ 30 ገደማ፣ ጫፉን ብቻ ሳለው። ጣትህን ከጀርባው ወደ ስለቱ ስትስብ የሚቧጥጥ ቀጭን ነገር ከተሰማህ ደርሰሃል። ጀርባውን አንዴ ሁለቴ አስተኝተህ አሽተህ እሱን አስወግደው። አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ ጎትተው።

ለመፈተን ወረቀት አትቁረጥ፤ ወረቀት ሁሉም ይቆርጣል። የጥድ ቁራጭ ያዝና በመጋዝ የተቆረጠውን ጫፍ በእጅህ ግፊት ብቻ ላጠው። ገጹ ካብለጨለጨ ተስሏል። ከተፈረፈረና ከነጣ ተመለስ።

ጥያቄ፦ በሞላ (በሚሽከረከረው መሞረጃ ማሽን) ስስለው ጫፉ ሰማያዊ ሆነ። ችግር አለው?

አቃጠልከው። ሰማያዊ ማለት ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል፣ ጥንካሬውም ሄዷል ማለት ነው። ሰማያዊው እስኪጠፋ ድረስ የተቃጠለውን ጫፍ ቀስ ብለህ ሞርደህ አስወግደው። በየሁለት ሦስት ሰከንዱ ውሃ ንከር። ስሞርድ አንድ ጣቴ ሁልጊዜ ስለቱ አጠገብ ነው፤ ጣቴን ካቃጠለኝ ብረቱም ሞቋል።

ጥያቄ፦ የቀለም ቆርቆሮ መክፈት ይቻላል?

አይቻልም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። አባቴ አዲስ አበባ አናጢ ናቸው። ስመጣ ምን ላምጣላቸው?

እህቴ፣ ናሬክስ የሚባለው የቼክ ሥራ ዋጋውም አይጎዳም፣ ስለትም ይይዛል። እዚያ በኢንች የሚለካም ይሸጣል፣ አንቺ የሚሊሜትሩን ፈልጊ። ስለቱን በካርቶን ጠቅልለሽ በሚጫነው ሻንጣ ላኪው፤ በእጅ ከያዝሽው ፍተሻ ላይ ይቀርብሻል።

ከመግዛትሽ በፊት ግን አንድ ሰው የአባትሽን መሮዎች ደርድሮ ፎቶ ያንሳልሽ። ከሁሉም ያጠረውን እዪ። ሲሳል ሲሳል ያለቀው እሱ ነው። በእሱ ስፋት ያለውን አምጪላቸው።