ከውጭ ግዙፍ የሆነ መኪና ከውስጥም ሰፊ ነውን?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ በደብረ ማርቆስ ከተማ የምኖር የአምስት ሰው ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ እንጓዛለን፤ ለበዓልም ቢቸና ወዳሉት ዘመዶቻችን እንሄዳለን። ያለን መኪና ኮሮላ ነው። ወዳጆቼ ግን «ይህን ሽጠህ፣ ጨምረህ ፕራዶ ግዛ፤ ሰፊ ነው፣ ወንበሩም ይመቻል» ይሉኛል። የምጨምረው ገንዘብ የብዙ ዓመት ቁጠባዬ ስለሆነ ልዩነቱ በእርግጥ የተባለውን ያህል መሆኑን ልታስረዱኝ እለምናለሁ።

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ወዳጆችዎ የነገሩዎት ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉ ግን መኪናን ከውጭ አይቶ መገመት ነው። ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው የእግር ቦታ የሚሰጠው በአብዛኛው የመኪናው ጠቅላላ ርዝመት ሳይሆን በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለዓለም ገበያ በቀረበው ኮሮላ ይህ ርቀት 2,700 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ትውልዶች 2,600 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ ለረጅም ዓመታት የተሠራው ባለ አምስት በር ፕራዶ ደግሞ 2,790 ሚሊ ሜትር አለው። ከአዲሱ ኮሮላ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ስንዝር የማይሞላ ነው። ከዚህም ላይ የኮሮላ ሞተር በአግድም ስለተቀመጠ ከፊት የሚወስደው ቦታ ትንሽ ሲሆን፣ የፕራዶው ግን በቁመቱ ተዘርግቶ የተቀመጠ ነው፤ ከኋላም ለሦስተኛ ረድፍ ቦታ መተው አለበት።

ታዲያ ፕራዶ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ሰፋ አለኝ የሚለው ለምንድን ነው? ዋናው ምክንያት አቀማመጡ ነው። በኮሮላ ወንበሩ ለወለሉ ቅርብ በመሆኑ እግር ወደ ፊት ይዘረጋል፤ በፕራዶ ግን ሰው እንደ ገበታ ወንበር ቀና ብሎ እግሩን ወደ ታች አውርዶ ስለሚቀመጥ፣ ያው ርቀት ለጉልበቱ የበለጠ ይተርፈዋል። ወርዱም ይረዳል። ፕራዶ 1,885፣ ኮሮላ 1,775 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆኑ የ11 ሳንቲ ሜትር ብልጫ አለ፤ ሦስት ዐዋቂዎች በደብረ ማርቆስ ብርድ ጋቢ ደርበው ከኋላ ሲቀመጡ ይህ በትከሻ ላይ በግልጽ የሚታወቅ ነገር ነው። የእርስዎ የኋላ ወንበር ተሳፋሪዎች ግን አንድ ዐዋቂና ሁለት ልጆች ናቸው።

ከፍታውን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፕራዶ ከኮሮላ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢበልጥም፣ የዚህ ብልጫ ትልቁ ክፍል የሚያልቀው ከተሳፋሪው ራስ በላይ ሳይሆን ከእግሩ በታች ነው። አካሉ በሻንሲ፣ ማለትም ከሥሩ ባለ የብረት ማዕቀፍ ላይ የተጫነ በመሆኑና ከመሬትም ከፍ እንዲል ስለተሠራ ወለሉ ከፍ ይላል። ይህ ጉዳቱ በግልጽ የሚታየው በሦስተኛው ረድፍ ነው፤ ከሥሩ የኋላ ጎማዎችን የሚያገናኘው አክስል ስላለ ወለሉ ወደ መቀመጫው ይጠጋል፣ ጉልበት ወደ ደረት ይወጣል፣ ጭን ከወንበሩ ስለሚነሳ የሰውነት ክብደት በአብዛኛው በመቀመጫ አጥንት ላይ ያርፋል። እኔ ራሴ ከባሕር ዳር እስከ ደጀን በእንዲህ ያለ ረድፍ ተጉዤ፣ ስወርድ ወገቤን ለማቃናት ብዙ ደቂቃ እንደፈጀብኝ አልረሳውም። ስለዚህ «ሰባት ሰው ይይዛል» ሲባል ስድስተኛውና ሰባተኛው ልጆች መሆን እንዳለባቸው ይታሰብ።

የአባይ በረሃን መንገድ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከደጀን ቁልቁል ወርደው ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጡ፣ በየጠመዝማዛው ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ዝቅ ብሎ ከተቀመጠው ይልቅ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ማቅለሽለሽ የሚቀናቸው ልጆች ካሉ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በተበላሸ አስፋልትና በጠጠር መንገድ ግን ትልልቅ ጎማዎችና ረጅም ሞላ ያላቸው መኪኖች ጉድጓዱን ስለሚውጡት ብልጫው ወደ ፕራዶ ይዞራል። በረሃው ሙቀት ውስጥ ከኋላ ለሚቀመጡት ቀዝቃዛ አየር የሚሰጥ ቀዳዳ መኖሩም ከወንበሩ ልስላሴ ያላነሰ ዋጋ አለው፤ መኪናው የትኛውም ቢሆን ይህን ሳያዩ አይግዙ።

ስለ ዕቃ አጭር ቃል ልበል። የኮሮላ የኋላ ዕቃ መጫኛ ከተሳፋሪው የተለየ ስለሆነ ቅቤውም ሆነ በርበሬው ሽታው ከሰው ጋር አይጓዝም። በፕራዶ ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ለሻንጣ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው፤ ሲታጠፍ ግን እጅግ ሰፊ ይሆናል፣ የጤፍ ጆንያም ያስገባል፤ ሆኖም በድንገተኛ ፍሬን ወደ ፊት እንዳይወረወር መታሰር አለበት።

እጅግ ያሳሰበኝ የእናትዎ ጉልበት ነው። ከኮሮላ ዝቅተኛ ወንበር መነሳት ይከብዳቸዋል፤ ወደ ፕራዶ መውጣትም፣ የእግር መረገጫና የእጅ መያዣ ቢኖር እንኳ፣ የታመመውን ጉልበት ያስጨንቀዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚስማማው ወንበሩ ከቆመ ሰው ዳሌ ጋር የሚመጣጠን፣ እንደ ራቭ 4 ያለ መካከለኛ ከፍታ ያለው መኪና ነው። እንግዲህ ምክሬ፣ ስፋትን ብቻ ብለው ቁጠባዎን በፕራዶ ላይ አያውሉ የሚል ነው። የኮሮላው የወንበር ስፖንጅ ሰጥሞ፣ ንዝረትን የሚያበርደው አሞርዛተሩም ደክሞ ከሆነ እነዚህን ማሳደስ በአነስተኛ ወጪ ብዙ ይለውጣል። መለወጥዎ ካልቀረ እናትዎን ይዘው ይሂዱ፤ በዘወትር ጫማቸው ሦስት ጊዜ ይውጡ፣ ይውረዱ፣ ግማሽ ሰዓትም ይቀመጡ፤ ለስላሳ ወንበር በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ያታልላልና።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም። የወንድሜ የኤሌክትሪክ መኪና ከውስጥ ሰፊ ሆኖ ሳለ፣ ከኋላ ስቀመጥ ጉልበቴ ከፍ ይልብኛል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ የብዙዎች ሆኗል። ባትሪው የተነጠፈው ከወለሉ በታች ስለሆነ ወለሉን ከፍ ያደርገዋል፤ ሞተሩ ግን ትንሽ በመሆኑ ጎማዎቹን ወደ ዳርና ዳር ለማራቅ ያስችላል። ለምሳሌ ቢዚፎርኤክስ የተባለው የቶዮታ የኤሌክትሪክ መኪና በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 2,850 ሚሊ ሜትር አለው፤ ይህም በእኛ አገር «ቪ8» ከሚባለው ላንድ ክሩዘር ጋር እኩል ነው። በዚህ የተነሳ ከፊት ያለው ቦታ ተርፎ፣ ከጭን በታች ያለው ድጋፍ ይጎድላል። ጫማዎን ከፊት ወንበር ሥር አስገብተው እግርዎን መዘርጋት ከቻሉ ጭንዎ ተመልሶ በወንበሩ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ወንድምዎ የሾፌሩን ወንበር ጥቂት ከፍ እንዲያደርጉልዎ ይጠይቋቸው።