አስም ከቆየ የቲቢ ጠባሳ ጋር ሲሆን ምን ይለወጣል?

ሰላም እህቴ። እናትሽ አስም እያለባቸው ከዓመታት በፊት ቲቢ ታክመው እንደዳኑ፣ አሁን ሲቲ ስካን ላይ ብሮንኪኤክታሲስ (የአየር ቧንቧ በቋሚነት መስፋት) እንደታየባቸው፣ በየጊዜው ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ ክኒን) ቢታዘዝላቸውም ተመልሶ እንደሚነሳባቸው ጽፈሻል። ሁለቱ ሲደራረቡ ሕክምናውም፣ ከሕክምናው የሚጠበቀውም ውጤት ይለወጣል።

ቲቢ የጎዳው የአየር ቧንቧ ይሰፋል። አክታው በራሱ ስለማይወጣ ይጠራቀማል፣ ባክቴሪያም ይራባበታል። እንዲህ ያለ ታማሚ አስም ብቻ ካለበት ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይነሳበታል፣ ሆስፒታልም ይተኛል። ጠባሳው ያጠበበውን ቧንቧ ደግሞ ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) አይከፍተውም። የአስሙንና የጠባሳውን ድርሻ ለመለየት ስፓይሮሜትሪ (የትንፋሽ አቅም መለኪያ ምርመራ) ይሠራላቸው፦ ሳልቡታሞል (የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት) 4 ፓፍ ወስደው ከ15 ደቂቃ በኋላ ኤፍኢቪ1 (በመጀመሪያው ሰከንድ በኃይል የሚወጣው የአየር መጠን) ቢያንስ በ12 በመቶና በ200 ሚሊ ሊትር ካደገ፣ የአስሙ ድርሻ ገና አለ ማለት ነው። ባያድግም አስም የለም አያሰኝም። የደም ኢዮሲኖፊልም (በአስምና በአለርጂ የሚበዛ ነጭ የደም ሴል) ይታይ፤ ፕሬድኒሶሎን ላይ እያሉ ከተለካ ግን ዝቅ ብሎ ያሳስታል።

ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው ሲነሳባቸው ነው። ሌሊት የሚብስ፣ ደረት የሚያፏጭ፣ ደረቅ ሳል ያለውና በሳልቡታሞል ቀለል የሚል ከሆነ የአስም ነው፤ ለአዋቂ ፕሬድኒሶሎን በቀን ከ40 እስከ 50 ሚሊ ግራም ከ5 እስከ 7 ቀን ይሰጣል። አክታው በቀናት ውስጥ እየበዛና እየወፈረ ከመጣ፣ ትኩሳት ካለ ግን አንቲባዮቲክ ነው የሚያስፈልገው፤ ብዙ ጊዜ 14 ቀን ይወስዳል። ከመጀመሩ በፊት አክታ ለካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለሚለይ ምርመራ) ይሰጥ። የአክታ አረንጓዴነት ብቻውን አይበቃም፣ ኢዮሲኖፊልም ያን ቀለም ይሰጣልና። ቲቢ የታከመ ሰው ላይ ጂን ኤክስፐርት (ፈጣን የቲቢ ምርመራ) የሞተ ባክቴሪያ ርዝራዥ አግኝቶ ፖዘቲቭ ሊል ስለሚችል በካልቸር ይረጋገጥ።

እባክሽ ይህን አትዝለይው፦ አክታ ማውጣት በቀን 2 ጊዜ፣ ከምግብ በፊት ይሁን። መጀመሪያ ሳልቡታሞል ወስደው 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ተቀምጠው ጥቂት ቀስ ብለው ይተንፍሱ፤ ከዚያ 3 ወይም 4 ጊዜ በጥልቀት ስበው እያንዳንዱን 3 ሰከንድ ይያዙ። ቀጥሎ አፋቸውን ከፍተው፣ መስታወት ላይ ጉም እንደሚያስቀምጥ ሰው «ሃህ» ብለው 1 ወይም 2 ጊዜ ያውጡ። ይህን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይደጋግሙ። የስቴሮይድ ፓፉ የሚወሰደው ከዚህ በኋላ ነው፤ አክታ በዘጋው ቧንቧ አይገባም። ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ዕቃ) ከሌለ 500 ሚሊ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቀዶ መጠቀም ይቻላል። በመጨረሻ አፋቸውን ይጉመጥመጡ።

አዚትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ በሳምንት 3 ቀን ለወራት መስጠት ከታሰበ፣ መጀመሪያ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሳ፤ አክታውም ከቲቢና ከቲቢ መሰል ባክቴሪያዎች ነጻ መሆኑ ይረጋገጥ። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚቀጥል ከሆነ ስለ ስትሮንጊሎይደስ ትል ጠይቂ፤ ሳይታከም ስቴሮይድ ከተሰጠ በሰውነት ውስጥ ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። ማገዶ ላይ እንጀራ የሚጋግሩ ከሆነም ሌላ ሰው ይጋግርላቸው።

ደም ካሳሉ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ሲደርሱ ጠባሳ ያለበት ሳንባ እንዳላቸው ተናገሪ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጠራቀምባቸው ከሆነ ኦክሲጅኑ ከ88 እስከ 92 በመቶ እንዲይዝ ተለክቶ ነው የሚሰጠው።