ለውኃ ጉድጓድ ስለሚሰበሰብ ገንዘብ፦ አሥራት፣ ዕጣ፣ ሒሳብና የሰጪዎች ስም

ጥያቄ፦ መምህራችን፣ እንደምን ሰነበቱ? ማኅበራችን ድርቅ ላጠቃቸው መንደሮች የውኃ ጉድጓድ ለማስቆፈር ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምሯል፤ እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ። አንዳንዶች አሥራታቸውንና ስእለታቸውን ለዚህ ሊያውሉት ይፈልጋሉ። ሌሎች የዕጣ ቲኬት እንሽጥ ይላሉ። «ሥራው የእግዚአብሔር ነው፤ ሒሳብ መጠያየቅ አለመተማመን ነው» የሚሉም አሉ። ብዙ የሰጡት ደግሞ ስማቸው ጉድጓዱ ላይ እንዲጻፍላቸው ጠይቀዋል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እህታችን፣ የስሙን ጉዳይ ለመጨረሻ ላቆየውና ከአሥራቱ ልጀምር፤ እሱ አጭር ነው። አሥራት የቤተ ክርስቲያን ነው (ሚል. 3፥10)፤ ምእመኑ በራሱ ፈቃድ ወደ ሌላ በጎ ሥራ አያዞረውም። ሰበካ ጉባኤው ከገባለት ላይ ለተጠሙት ልስጥ ብሎ ቢወስን ግን ያ የእሱ ሥልጣን ነው፤ ጠይቁት፤ መጠየቅ ነውር የለውም። ስእለትም ለተሳሉበት ቦታ ይገባል። «ለቤተ ክርስቲያን የተሳልኩትን ለጉድጓዱ ላድርገው» የሚል ሰው ቢመጣ የንስሐ አባቱን ሳያማክር አትቀበሉት። የጉድጓዱ ገንዘብ ምንጩ ምጽዋት ነው። ከሁሉም የሚያምረው በጾም ቀን ያልተበላው ምግብ ስንት ያወጣ እንደነበር አስልቶ ያንኑ ማምጣት ነው፤ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ጾምን ለተራበ እንጀራ ከመቁረስ ጋር ያያያዘውም ለዚህ ነው። ይህን ልጆችም ይችሉታል።

የዕጣ ቲኬቱን አልመክርም። ቲኬት የገዛው ሰው ለመስጠት ነው ወይስ ለማግኘት እጁን የዘረጋው? እሱ ራሱም ላያውቀው ይችላል፤ ምጽዋትን ከዕድል ጋር ማደባለቅ ምጽዋቱን ያጎድፋል። ጨረታ ይሻላል፤ ሆኖም በሞቅታ የተጠራ ቁጥር በማግሥቱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቃል የተገባውንና በእጅ ያለውን በሁለት ዓምድ ለይታችሁ መዝግቡ፤ ባንክ ባልገባ ገንዘብ ደግሞ ውል አትፈርሙ። ገንዘብ አልቆ መሐል ላይ የቆመ ቁፋሮ ካለመጀመሩ የከፋ ነው። አፉ ክፍት ስለሚቀር ሕፃንና ከብት ይገባበታል፤ የላይኛውን ቆሻሻም በቀጥታ ወደ ከርሰ ምድሩ ውኃ ያወርደዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይስሐቅ በረሃብ ዘመን በጌራራ ሸለቆ ሲሰፍር አዲስ ጉድጓድ ከማስቆፈሩ በፊት ምን አደረገ? በአባቱ በአብርሃም ዘመን ተቆፍረው ፍልስጥኤማውያን አፈር የሞሉባቸውን ጉድጓዶች አስጠረገ (ዘፍ. 26፥18)። ልመናው ውስጥ ሳትገቡ እናንተም እዚያ መንደር የተደፈነ ወይም ፓምፑ የቆመ ጉድጓድ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ግምት ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከሦስት የእጅ ፓምፖች አንዱ ያህል አይሠራም ነበር። ብዙ ጊዜ የጠፋው ውኃው አይደለም፤ ያለቀ የፓምፕ ውስጥ ጎማ፣ የተበላ ኩሽኔታ፣ የተበሳ ቱቦ ወይም የተቆረጠ ዘንግ ነው። አንድ አዲስ ጉድጓድ በሚያስቆፍር ገንዘብ ብዙ የቆሙ ፓምፖችን ማስነሳት ይቻላል። ችግሩ የተጠገነ ፓምፕ የምረቃ ሪባን የሚቆረጥለት አለመሆኑ ነው፤ ለዚያም ነው ለጥገና የሚለምን ማኅበር ጥቂት የሆነው።

ይስሐቅ ቀጥሎ ያስቆፈራቸው ሁለቱ ጉድጓዶች ጠብ አስነሡ፤ ስማቸውንም ዔሤቅና ስጥና አላቸው። ሦስተኛው ርኆቦት ያልተጣሉበት ነው። ከጠብ ለመዳን መሬቱ የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ባለቤቱ ለመንደሩ መልቀቁን በጽሑፍ፣ በሽማግሌዎች ፊት ይፈርም። በድርቅ ጊዜ ከሩቅ የሚመጡ አርብቶ አደሮች ይጠጡ እንደሆነ፣ የከብቱ ገንዳ የት እንደሚሆንም ያኔውኑ ይወሰን። ገንዳው ከፓምፑ ራቅ ብሎ ካልተሠራ እበትና ሽንት አፉ ላይ ይከማቻል። ለየትኛው ሃይማኖት ተከታይ ይከፈታል የሚል ካለ ደግሞ እግዚአብሔር በጻድቃንም በኃጢአተኞችም ላይ ዝናቡን ያዘንባል የሚለው ማቴ. 5፥45 ይነበብለት።

ዋጋውን ስትነግሩ ሙሉውን ንገሩ። የልመናው ወረቀት ላይ የቁፋሮው ዋጋ ብቻ ከተጻፈ ለሰጪው የነገራችሁት ግማሽ እውነት ነው፤ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ተቀምጦ ኪሣራውን ይቆጥር ዘንድ ጌታችን የተናገረው (ሉቃ. 14፥28) ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው። ሙሉ ዋጋ ማለት ቦታውን የሚመርጠው የጂኦሎጂስት (የከርሰ ምድር ባለሙያ) ጥናት፣ መሣሪያው የሚጓጓዝበት፣ ቁፋሮ በሜትር፣ ጉድጓዱ እንዳይደረመስ የሚገባው ቱቦ (ኬሲንግ)፣ ውኃ የሚያስገባው ወንፊት ቱቦ፣ በዙሪያው የሚገባው ጠጠር፣ ጭቃው እስኪጠራ ድረስ ጉድጓዱን ማጠብ፣ ጉድጓዱ ስንት ውኃ እንደሚሰጥ የሚለካው የፓምፕ ሙከራ፣ የውኃ ምርመራ፣ ፓምፑ፣ የሲሚንቶው ወለልና የፍሳሹ ቦይ፣ ተቆጣጣሪው፣ የመንደሩ ኮሚቴ ሥልጠና፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት መለዋወጫ ነው። በዚህ ላይ ደረቅ ጉድጓድ አለ። ጥናት ዕድሉን ያሻሽላል እንጂ ውኃ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ አምስት ለማስቆፈር ያሰበ አንዱ ሊደርቅ ይችላል ብሎ የስድስት ይሰብስብ፤ ይህንንም ሳይደብቅ ይናገር። «ውኃ ካልወጣ አንከፍልም» የሚል ውል ያጓጓል፤ ግን ቆፋሪው ኪሣራውን ዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ይጨምረዋል፤ አለዚያም ጠብ ጠብ የሚለውን ጉድጓድ ውኃ ወጣ ብሎ ያስረክባችኋል።

ስንት ሰው ይጠጣል ለሚለው ስሌቱ ቀላል ነው። በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለንጽሕና ያስፈልጋል። ጉድጓዱ በደቂቃ 15 ሊትር ቢሰጥና በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 7,200 ሊትር ነው፤ ለ480 ሰው ይሆናል ማለት ነው። እኔ ግን ከ300 በላይ አትጻፉ እላለሁ፤ ጀሪካን ሲቀያየር፣ ወረፋ ሲዛባ፣ ፓምፑ ሲያርፍ የሚባክነው ጊዜ አለና። «ለሺህ ሰዎች ሕይወት» የሚለውን ማስታወቂያ ለሌላ ተዉት።

ለድርቅ የሚቆፈር ጉድጓድ የሚለካው በድርቅ ነው። በክረምት የተቆፈረ የእጅ ጉድጓድ (ያለ ማሽን በሰው እጅ የሚቆፈረው) ውኃ በቶሎ ስለሚያገኝ ቆፋሪው ያቆማል፤ በበጋው ደግሞ ጉድጓዱ ይደርቃል። ስለዚህ የእጅ ጉድጓድ በበጋው ማብቂያ ይቆፈር፤ ያኔ ከሚገኘው የውኃ ወለል በታችም 2 ወይም 3 ሜትር ይውረድ። አሁን ለተጠማው ሰው ግን ጉድጓድ ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ በቦቴ የሚታደል ውኃ ያስፈልገው እንደሆነ ለይታችሁ ለምኑለት። አንድ ማስጠንቀቂያም አለ፤ ውኃውን ለመምጠጥ የቤንዚን ሞተር ወደ ጉድጓዱ ማውረድ ክልክል ነው፤ ጭሱ የቆፋሪውን ነፍስ በደቂቃዎች ውስጥ ያጠፋል። አየሩ ያልተመረመረ ጉድጓድ ውስጥ ለማዳን ተከትሎ የገባ ሁለተኛ ሰው ራሱም ይሞታል።

«ሒሳብ መጠያየቅ አለመተማመን ነው» ለሚሉት 2ኛ ነገሥት 12ን አንብቡላቸው። ንጉሥ ኢዮአስ መቅደሱ እንዲጠገን ገንዘቡን ለካህናቱ ተወው፤ በነገሠ በ23ኛው ዓመት ፍራሹ ገና አልተጠገነም ነበር። ያኔ ካህኑ ዮዳሄ ክዳኑ የተነደለ ሣጥን በመሠዊያው አጠገብ አስቀመጠ፤ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው ቆጥረው በከረጢት ያስሩት ነበር። ቁጥር 15 «ታማኞች ስለ ነበሩ አልተቆጣጠሩአቸውም» የሚል አይደለም ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። ያ የተባለው ለሠራተኞች እንዲከፍሉ ገንዘቡን ስለተቀበሉት ሰዎች ነው፤ ሣጥኑ ዘንድ ግን ሁለት ሰው ቆሞ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፋቸው ብሎ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም አስከትሏል (2ኛ ቆሮ. 8፥18–21)።

ወደ እናንተ ሲመጣ፦ ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹም በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ። ቆጠራው በዚያው ዕለት፣ በሦስት ሰው ፊት ይካሄድና ይፈረምበት። ተራ ቁጥር የታተመበት ደረሰኝ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ ከሦስት ፈራሚዎች የሁለቱ ፊርማ ያስፈልጋል። እርስዎ ገንዘብ ያዥ ስለሆኑ ደረሰኝ የሚቆርጠውና መዝገብ የሚጽፈው ሌላ ሰው ይሁን፤ ይህ እርስዎንም ከሐሜት ያድናል። ገንዘቡ ቢተርፍ ወይም ባይበቃ ምን እንደሚደረግበት ደግሞ ከመሰብሰቡ በፊት ጽፋችሁ አንብቡ። ለጉድጓድ ተብሎ የተሰጠን ገንዘብ ለአዳራሽ ማዋል፣ አዳራሹ የጸሎት ቢሆንም፣ አደራ መብላት ነው።

ለቆፋሪው በአንድ ጊዜ አትክፈሉ። ቅድሚያ ክፍያው በዋስትና ይሁን፤ ቀሪው በተለካ ሥራ ይከፈል፤ 10 በመቶው እስከ አንድ ዓመት ይያዝ። ክፍያው በሜትር ስለሆነ ማታለሉም በሜትር ነው። ተቆጣጣሪው ቦታው ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ የወረዱትን የመቆፈሪያ ዘንጎች ይቁጠር፤ በመጨረሻም ክብደት የታሰረበት ሜትር አውርዶ ይለካ። ኬሲንጉ ሲገባም እንዲሁ፤ የተገዛው ሳይሆን የገባው ይቆጠር። ከላይ ቢያንስ 3 ሜትር ያህል በቱቦውና በአፈሩ መካከል ያለው ክፍተት በሲሚንቶ ካልተደፈነ የጎርፍ ውኃ በጎን ሰርጎ ይገባል። ይህ ከተቀበረ በኋላ ስለማይታይ ብዙ የሚሰረቀው እዚሁ ላይ ነው። መጸዳጃ ቤት ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ላቦራቶሪው ከጀርም ሌላ ከመሬት ወደ ውኃው የሚገቡትን ጎጂ ንጥረ ነገሮች፣ ፍሎራይድንና አርሴኒክን፣ ይመርምር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን ለፍሎራይድ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም፣ ለአርሴኒክ 0.01 ሚሊ ግራም ነው። በባንግላዴሽ በበጎ ፈቃድ የተቆፈሩ እጅግ ብዙ ጉድጓዶች አርሴኒክ እንዳለባቸው በሰፊው የታወቀው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ሕዝቡ ለዓመታት ከጠጣው በኋላ ነው። ፍሎራይድም አርሴኒክም በማፍላት አይጠፉም። ጀርሙን ግን ክሎሪን ይገድለዋል። ከዳር እስከ ዳር 1.2 ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 3 ሜትር በሆነ የእጅ ጉድጓድ ውስጥ 3,400 ሊትር ያህል አለ፤ በሊትር 50 ሚሊ ግራም እንዲደርስ 70 በመቶ ጥንካሬ ያለው የክሎሪን ዱቄት 240 ግራም ያህል በባልዲ ተበጥብጦ ይጨመራል። አንድ ሌሊት ያድራል፤ ከዚያም የክሎሪኑ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ እየተቀዳ ይደፋል። እስከዚያ ማንም እንዳይጠጣ ሰው አቁሙ።

ውኃው አሲድነት ካለው፣ የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች) ከ6.5 በታች ከሆነ ማለት ነው፣ ዚንክ የተቀባ የብረት ቱቦ አትግዙ። ይዝግና ውኃው ቀይ ይሆናል፤ ጣዕሙ ይበላሻል፤ እናቶችም ወደ ቀድሞው ኩሬ ይመለሳሉ። በዚህ ጊዜ ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ነው የሚያዋጣው፤ ውድ ነው፤ ዋጋውን ግን ልመናው ውስጥ ክተቱት። መንደሩም በየወሩ ትንሽ ያዋጣ። «ለድሆች ያውም ክፍያ?» ይባል ይሆናል፤ ግን ጎማው የሚያልቀው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው። ውኃ ቀጂዎቹ ሴቶች ስለሆኑ ከኮሚቴው ግማሹ ሴቶች ይሁኑ፤ ፓምፑ ሲከብድ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ስለ ስም የጠየቁት ቀርቷል። ግራ እጅህ አትወቅ የተባለውን (ማቴ. 6፥3) ሰጪዎቹ ያውቁታል፤ ስለዚህ አትውቀሱአቸው። ስማቸውን፣ የክርስትና ስማቸውን፣ ለካህኑ ስጡና በጸሎት ይታሰቡ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ወለሉ ላይ የሚጻፈው ግን ሌላ ነው፦ የተቆፈረበት ቀን፣ ጠቅላላ ጥልቀቱ፣ የውኃው ወለል ስንት ሜትር ላይ እንደተገኘና በየትኛው ወር እንደተለካ፣ ፓምፑ የተሰቀለበት ጥልቀትና ዓይነቱ፣ በደቂቃ የሚሰጠው ሊትር። ከአሥር ዓመት በኋላ ቱቦ ሊያወጣ የሚመጣው መካኒክ ያንን አንብቦ ስንት ዘንግና የትኛውን ጎማ ይዞ መምጣት እንዳለበት ያውቃል።