«ትኩሳት እያላት አንቲባዮቲክ ከለከሉን»

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣

ልጄ አምስት ወሯ ነው። በንፍጥ ጀመራት፤ በሦስተኛው ቀን ደረቷ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ጤና ጣቢያ ስትለካ ትኩሳቷ 38.6 ሆነ። ሐኪሟ «ብሮንካዮላይትስ ነው፣ በቫይረስ የሚመጣ» አለችን። ሽንቷን አስመርምራ ደህና መሆኑን ነገረችንና ፓራሲታሞል ብቻ አዝዛ ሸኘችን። ባለቤቴ «ደረቷን ላመማት ልጅ ሽንት ምን ይሠራል?» ብሎ ተናደደ፤ አሞክሳሲሊን ልግዛ እያለ ነው። አማቴ ደግሞ እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥላት ይላሉ። ምን ላድርግ?

የጨነቃት እናት፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ከእንጥሉ ልጀምር። አይቆረጥም! ደም ሊፈሳት፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝባት ይችላል። ለሳሏ ደግሞ ምንም አይፈይድላትም። ለእማማ በትሕትና ንገሪያቸው፤ ግን እሺ እንዳትያቸው።

ባለቤትሽን ያናደደው ምርመራ እኔን ደስ አሰኝቶኛል። ብሮንካዮላይትስ ትንንሾቹን የሳንባ ቱቦዎች የሚያሳብጥ ሕመም ነው። አብዛኛውን ጊዜ አርኤስቪ የሚባል ቫይረስ ያመጣዋል፤ ትኩሳቱም የዚያው የቫይረሱ ነው። እንዲህ ባሉ ሕፃናት ባክቴሪያ ደም ውስጥ ወይም የአንጎል ሽፋን ላይ (ማጅራት ገትር) ተደርቦ መገኘቱ ብርቅ ነው። ከተደረበም ብዙውን ጊዜ ሽንት ላይ ነው። ችግሩ፣ የሽንት ኢንፌክሽን ሕፃን ላይ ከትኩሳት ሌላ ምልክት ላያሳይ ይችላል። ሐኪሟ የፈለገችው እሱን ነበር፤ አላገኘችም። አሞክሳሲሊን ቫይረስ አይገድልም፤ ተቅማጥ ግን ሊጨምርባት ይችላል።

ልጅሽ ገና የወር አራስ ብትሆን ኖሮ እንዲህ ተረጋግቼ አልጽፍልሽም ነበር። ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን 38 ከደረሰ፣ ሳል ኖረውም አልኖረውም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሕመሙ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ይበረታል። ሳሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ አትደንግጪ። ትኩሳቱ ከ39 ካለፈ፣ ወይም ለቋት ሄዶ ከተመለሰ ግን መልሰሽ ውሰጃት፤ ያኔ ጆሮዋና ሳንባዋ መታየት አለባቸው። ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ ሥር የሚሰረጎድ ከሆነ፣ ጡት ከወትሮው ግማሹን እንኳ ካልጠባች፣ ለ12 ሰዓት ዳይፐሯ ደረቅ ከሆነ ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ እንዲነጋ አትጠብቂ።

እስከዚያው ቶሎ ቶሎ፣ በትንሽ በትንሹ አጥቢያት። ከማጥባትሽ በፊት አፍንጫዋን በጨው ውሃ ጠብታ አጽጂላት። ቡናውና እጣኑ ሌላ ክፍል ይሁን፤ ጭሱ ያፍናታል። አባቷ ደግሞ ለአሞክሳሲሊን ባሰበው ብር ቴርሞሜትር ይግዛላት።